የሦስተኛ ካምፕ ሳንቃ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ባልደረቦቼ የግድግዳ ሰዓትና ብርድ ልብስ ሰጡኝ። ብርድ ልብሱ እሺ፤ አማን ላይ ክረምት ሲበረታ ያስፈልጋል። ሰዓቱ ግን አናደደኝ። የሚጠብቀኝ መኪና የለ፣ የምከፍተው መጋዘን የለ፤ ቁጭ ብዬ ጊዜው ሲሄድ እንድቆጥር ነው? በቅን ልብ እንዳደረጉት አውቃለሁ፤ እኔ ግን ለመቀመጥ የተፈጠርኩ ሰው አይደለሁም። በመጀመሪያው ሳምንት ጓሮዬን ሁለት ጊዜ ቆፈርኩ። በሁለተኛው ሳምንት ጎረቤቴን የውሃ በርሜሏን ከየት እንዳመጣችው ጠይቄያት ተቀየመችኝ። በሦስተኛው ሳምንት ቴፒ የሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ለምን እንደሄድኩ ለመናገር ከሥራው መጀመር አለብኝ።

ሥራዬ መርዝ መልቀም ነበር። ወረቀቱ «የሰብል ጥበቃ ቴክኒሻን» ይላል፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው። በደርግ ጊዜ በዚህ በቡናው አገር ለነበሩት የመንግሥት እርሻዎች ለቡና በሽታ፣ ለአረም፣ ለተባይ እየተባለ በመኪና በመኪና መድኃኒት ይመጣ ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ብዙው ካምፕ ተፈታ። ሠራተኛው ወደየአገሩ ገባ፣ ዘበኛው ቁልፉን በሩ ላይ እንደሰካ ሄደ፣ መድኃኒቱ ግን የሚገባበት አገር አልነበረውም። እዚያው መጋዘን ውስጥ ጊዜው አለፈበት። የእኛ ዝናብ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ነው ማለት ይቻላል፤ በርሜሉ ዛገ፣ ከረጢቱ ተቀደደ፣ የጣራው ቆርቆሮ አንድ በአንድ እየተነቀለ ወደ ሰው ቤት ገባ። አምጪው ሄዶ ጎረቤቱ ቀረ። እኛ የተመደብነው ያንን ለቅመን፣ አዲስ በርሜል ውስጥ አሽገን፣ ባሕር ማዶ ወስደው በልዩ ምድጃ ለሚያቃጥሉት ለማስረከብ ነው።

የአማን ልጅ ነኝ። አባቴ ቤንች ነው፤ ገጠር ለገጠር እየዞረ ወንጌል የሚሰብክ ሰው ስለነበር ከሚዛን እስከ ቴፒ የማያውቀው ደጃፍ አልነበረም። እኔ ሚዛን ችግኝ ጣቢያ የቡና ችግኝ ሳፈላ ነበር የቆየሁት። ደርግ በወደቀ በማግስቱ ዓመት አንድ ቀን አለቃዬ ጠርቶ «አስቴር፣ መጋዘን የምትቆጥር፣ ሽታ የማትፈራ ሴት ትፈለጋለች» አለኝ። ችግኝ ማየት ሰልችቶኝ ነበርና በዚያው ቀን እሺ አልኩ። የደመወዙ ነገር ቢወራ ያስቃል፤ ልለፈው።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ደምሴ ናቸው። በልጅነታቸው ከጎጃም መጥተው ሚዛን የቀሩ፣ ቀጭን፣ ጾመኛ፣ ነገረኛ ሰው ነበሩ። ሰው ሽንት ቤት ገብቶ ሲወጣ ይታጠባል፤ እሳቸው ከመግባታቸው በፊት ይታጠቡ ነበር። «ቆሻሻው ያለው እጄ ላይ ነው፤ ሌላው ንጹሕ ነው» ይሉናል። ላብ ቀለም ያጥባል ብለው በእርሳስ እንጂ በእስክሪብቶ አይጽፉም። መጋዘን ውስጥ ምንም ቢደክማቸው አንዳች ነገር ላይ አይቀመጡም፤ የተቀመጠ ሰው ካዩም ስሙን ሳይጠሩ «ያ ሱሪ ዛሬ ቤቱ አይገባም» ይላሉ።

እጃቸውን ማየት ትምህርት ነበር። የሚያፈስ በርሜል ሲገጥማቸው እንደ ሌላው ሰው ቀዳዳውን ለመድፈን አይሯሯጡም። በርሜሉን ቀስ ብለው አንከባለው ቀዳዳውን ወደ ላይ ያዞሩታል፤ ያን ጊዜ ማፍሰሱ በራሱ ይቆማል። ከዚያ መሬት ላይ የፈሰሰውን በሰጋቱራ ያስመጥጡታል። ሰጋቱራውንም ከመሐል አይጀምሩም፤ ዙሪያውን እንደ አጥር ከበው ወደ ውስጥ ይመጣሉ። ዱቄት የሆነ መርዝ በደረቁ እንዲጠረግ በጭራሽ አይፈቅዱም። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምረን ረፋድ አራት ሰዓት ላይ እንድናቆም ያዙናል። ከአራት ሰዓት በኋላ በዚያ ቱታና ጭምብል ውስጥ ያለ ሰው ከሙቀቱ የተነሣ ጓንቱን ማውለቁ አይቀርም፤ አደጋውም የሚመጣው ያን ጊዜ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ልማዳቸው ግን መንደሩን መዞራቸው ነው። አንድ መጋዘን ልንከፍት ስንሄድ የመጀመሪያውን ሁለት ቀን መጋዘኑን ዞር ብለው አያዩትም። ከቤት ቤት እየሄዱ ሰላምታ ይሰጣሉ፣ ቡቃያ ያደንቃሉ፣ ስለ ልጅ ይጠይቃሉ፣ ዓይናቸው ግን ሥራውን አይፈታም። የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት በርሜል ከየት መጣ? ያ በር ከምን ተሠራ? ያች ዶሮ ምን ላይ ተኝታለች? የመጋዘኑን በርሜል ላመጣ ሰው አዲስ ጀሪካን ይለውጡለታል። እኔ ደሜ ይፈላል፤ እንጀምር፣ እንጨርስ እላለሁ። «አስቱ፣ የገባውን መዝገብ ይነግርሻል፤ የወጣውን የሚነግርሽ መንደሩ ነው» ይሉኛል።

ማጂ በኩል ቱም ገበያ ላይ አንዲት ሴት ነጭ ዱቄት በማንኪያ እየሰፈረች በወረቀት ጠቅልላ ስትሸጥ አገኘናት። ለትኋንም ነው፣ ለነቀዝም ነው፣ ለልጆች ቅማልም ነው ትላለች። ከመጋዘን የወጣ መርዝ መሆኑን ሳየው አወቅሁ፤ ልነጥቃት እጄን ስዘረጋ ጋሽ ደምሴ ክንዴን ያዙና አጠገቧ ቁጢጥ አሉ። ስለ በቆሎዋ ጠየቁ፣ ስለ ልጆቿ ጠየቁ፣ ፀሐዩ እስኪበረታ ወሬ ሆነ። በመጨረሻ እሷው ራሷ ተነሥታ የወንድሟ ቤት ወሰደችን፤ ቆጡ ላይ አሥራ አንድ ከረጢት ነበር። እኔ ብሆን አንድ ማንኪያ ነጥቄ አሥራ አንድ ከረጢት አጣ ነበር። በማግስቱም ቱም ውስጥ ለማንም ቅማል ያ ዱቄት አልተነሰነሰም።

ማሻ ላይ የነበረው አለቃችን ደግሞ ጠዋት ጠዋት ወተት ያስመጣልን ነበር፤ ወተት መርዝ ያበርዳል ብሎ። ጓንት ስንጠይቀው «ወተት እየጠጣችሁ?» ይለናል። ጋሽ ደምሴ አንድ ረቡዕ ቀን ጽዋውን ተቀብለው ለመሥሪያ ቤቱ ጥበቃ ውሻ አፈሰሱለትና «ወተት ለጥጃ ነው ጌታው፤ ለእኛ ጓንት ይምጣልን» አሉት። ሁለት ወር ሙሉ አኮረፈን። ጓንቱ ግን መጣ።

ጋሽ ደምሴ ጡረታ ሲወጡ ጅማ ልጃቸው ጋ ገቡ። መሰነባበቻ ላይ ምንም ምክር አልሰጡኝም፤ ያለውን ሁሉ ሰጥተውኝ ስለነበር ይሆናል። ከዚያ በኋላ የቡድኑ መሪ እኔ ሆንኩ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ሥራው ይፈጥናል አልኩ፤ ፈጠነም።

ሦስተኛ ካምፕ ከቴፒ ወጣ ብሎ ጫካው ጥግ ያለ የተፈታ የእርሻ ካምፕ ነው። መጋዘኑ ትልቅ ነበር፤ በርሜሎቹ ከመሬት እርጥበት እንዲርቁ ከሥራቸው ወፋፍራም የዋንዛ ሳንቃ ተነጥፏል። ያን ጊዜ አስተባባሪያችን ከአዲስ አበባ የመጣ ኢንጂነር ነበር፤ ሰዓቱን አሥር ጊዜ የሚያይ ሰው። ከባድ መኪኖቹ ተከራይተው ቴፒ ቆመዋል፣ መንገዱ በጭቃ ሊዘጋ ነው። «መንደሩን ልዙር እንዴ?» አልኩት ለወጉ። «ምን ያደርጋል? መርዙ ያለው መጋዘን ውስጥ ነው» አለኝ። ልከራከረው እችል ነበር። አልተከራከርኩም፤ እኔም መንደር መዞር አልወድም ነበርና ምክንያት በማግኘቴ ደስ አለኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩትን ለመልቀም ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል።

በርሜሎቹን አሽገን በጨረስንበት ጠዋት አንድ ሰው ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ጠራኝ። ጴጥሮስ ይባላል፤ የሸኮ ሰው፣ ንብ አናቢ፣ የቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን መሪ። አባቴ ቤታቸው ያድር ስለነበር ከልጅነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

«እህት አስቴር፣ ያ ሳንቃ ይፈለጋል?»

«ለምን ፈለግኸው?»

«ቤት ያለው ሰው ሳንቃ ለምን ይፈልጋል? እንጨት ነዋ።»

ሳቅሁ። ሳንቃው የርክክብ ዝርዝሩ ላይ የለም፤ ዝርዝሩ በርሜልና ከረጢት፣ ከሥሩም የተቆፈረ አፈር ነው የሚለው። እንጫነው ቢባል ሌላ መኪና ያስፈልጋል። ጴጥሮስ ደግሞ የአባቴ ሰው ነው፤ ለአባቴ ሰው አንድ ነገር ማድረግ ደስ አለኝ። ረጠብ ረጠብ ያሉትን ትቶ ከበሩ በኩል ያሉትን ደረቆቹን እንዲወስድ ነገርኩት። ጭምብል አድርጌ ስለነበር አልሸተተኝም። ከመንደሩ አንድ ሁለት ቤት ዞሬ ቢሆን ኖሮ የጴጥሮስን ጓሮ አየው ነበር፤ ስድስት የቀፎ መቆሚያ ተተክሎ፣ መጋዝና መዶሻ ተዘርግቶ፣ የሣጥን ቀፎ ለመሥራት ሳንቃ ብቻ ሲጠበቅ። አልዞርኩም። በቅጹ ላይ «ከመጋዘኑ የወጣ ሌላ ዕቃ» በሚለው ፊት በእስክሪብቶ «የለም» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ።

ከስምንት ወር በኋላ ለክትትል ተመለስኩ። የአፈር ናሙና ወስጄ ስጨርስ ጴጥሮስ ምሳ ካልበላሽ አለና ቤቱ ወሰደኝ። ደጁ ላይ ስድስት የሣጥን ቀፎ ተደርድሯል፤ በአንዱም ውስጥ ንብ የለም። ሚስቱ ብዙነሽ ምግብ እስክታቀርብ የሆነውን አጫወተኝ።

በቀፎዎቹ ሦስት ጊዜ መንጋ አስገብቶ ነበር። ሦስቱንም ጊዜ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ንቦቹ ደጃፉ ላይ ተከምረው ሞቱ። በዚያ አገር ጠብ ካለበት ቤት ንብ አይቀመጥም ይባላል። ጴጥሮስም ከታናሽ ወንድሙ ከሳሙኤል ጋር በአንድ የቡና ድንበር ተጣልቶ ዓመት ሆኖት ነበር። ሽማግሌዎችና የቤተ ክርስቲያን መሪዎች ገቡበት። ጴጥሮስ ተንበርክኮ ይቅርታ ጠየቀ፤ ድንበሩንም ለቀቀ። ያን ጊዜ ሳሙኤል እያለቀሰ ተነሣና ቀፎዎቹ በተተከሉ ቀን በመንገድ ሲያልፍ ያለውን ተናገረ።

«ምን አለ?» አልኩት።

«‹ይሄም ለሱ ሆነ? አይሁንለት› ብዬ ነበር አለ። ድምፄን አውጥቼ ነው ያልኩት አለ። ከአፍ የወጣ አፋፍ አይደል። ተቃቅፈን አለቀስን፤ ጸለዩልን። አሁን ደህና ነን።»

ተነሥቼ አንዱን ቀፎ ከፈትኩት። የበሰበሰ ነጭ ሽንኩርት የሚመስለው ሽታ ፊቴን መታኝ። ያን ሽታ ከየትኛው በርሜል እንደሆነ ተኝቼ ብጠየቅ እናገራለሁ። የክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ ዘይት የመሰለ ክብ አለ፤ የበርሜል ቂጥ ነው። ወደ ቤት ስገባ ደግሞ የባሰው ጠበቀኝ፤ የተረፈው ሳንቃ ከምድጃው በላይ ቆጥ ሆኖ ተሠርቷል፣ የዓመቱ በቆሎ እሱ ላይ ነው የተሰጣው። ብዙነሽ ልጆቹ ሆዳቸውን እያመማቸው ተቸገርኩ ብላ ስታወራ ነበር የገባሁት።

እዚህ ላይ ነው የወደቅሁት። ሳንቃውን መስጠቴ ስህተት ነው፤ ስህተት የማይሠራ የለም። ይሄኛው ግን ስህተት አይደለም። ሳንቃው መርዝ ነው ብላቸው ማን ሰጠህ ይባላል፤ እኔ ነኝ፤ «የለም» ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። በዚያ ላይ ወንድማማቾቹ ታርቀዋል፣ ለምን የሰላም ነገር አበላሻለሁ አልኩ ለራሴ። ፈሪ ሰው ምክንያት አያጣም።

«ጴጥሮስ፣ ይሄ ሳንቃ ለካ የፕሮጀክቱ ንብረት ነው። ኦዲተር መጥቷል፤ መመለስ አለበት» አልኩት።

«ሰጥተሽኝ?»

«ተሳስቼ ነው።»

ትንሽ አየኝና ትከሻውን ሰበቀ። «የመንግሥት ነገር እንዲህ ነው። ሲሰጥም አይጠይቅ፣ ሲወስድም አይጠይቅ» አለ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። በቆሎውን ለናሙና ይፈለጋል ብዬ እስከ መጨረሻው ፍሬ ጠርጌ ወሰድኩ፤ በፋንታው ከቴፒ ገበያ ገዝቼ አመጣሁ። ልጆቹን ጤና ጣቢያ እንድትወስዳቸው ብዙነሽን ለመንኳት፤ ወሰደቻቸው፤ ውሎ አድሮም ተሻላቸው። ሳንቃውን ከሌላ ጣቢያ ከተለቀመው ጋር ቀላቅዬ አሸግኩት። ሥራውን በንጽህና ነበር የሠራሁት፤ ከእውነቱ በቀር ምንም አላስቀረሁም።

እኔ ያልጠረጠርኩት የሚከተለውን ነው። ሳንቃው ከተወሰደ በኋላ ጴጥሮስ ሌላ እንጨት ፈልጎ ቀፎዎቹን እንደገና ሠራ። ንቦቹ ገቡ፣ ተቀመጡ፣ በዓመቱ ማር ቆረጠ። መንደሩ ታዲያ ምን ይበል? እርቁ ሠራ ተባለ። እርቁ ከሠራ ደግሞ ንቦቹን የገደላቸው የሳሙኤል አፍ ነው ማለት ነው። እኔ ሳንቃውን በመውሰዴ ለመንደሩ ማስረጃውን አሟላሁለት።

ከዚያ በኋላ ቴፒ በሄድኩ ቁጥር ስለ ሳሙኤል እሰማለሁ። ማር በሚቆረጥበት ሰሞን ሰው ደጃፍ አይደርስም። በመንገድ ሲያልፍ ሴቶች የማር ቅላቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ። ማንም ክፉ አይናገረውም፤ እጁን ይጨብጡታል፣ ቤተ ክርስቲያን አብረውት ይቀመጣሉ፣ ግን ልጃቸውን ወይም ከብታቸውን «እንዴት ያምራል» እንዳይልባቸው ይፈራሉ። እሱም ራሱን ይፈራል። አንድ ጊዜ በመሥሪያ ቤቱ መኪና ሳልፍ አየሁት፤ ማር የተሸከመ ሰው ከፊቱ ሲመጣ ከመንገድ ወጥቶ ፊቱን ወደ ቁጥቋጦው አዙሮ ቆመ። ሾፌሩ «ምን ሆኖ ነው?» አለኝ። አላውቅም አልኩ። መቀመጫዬ ላይ ዝቅ አልኩ።

ከዚያ በኋላ ብዙ መጋዘን አጽድቻለሁ። አዳዲስ ቴክኒሻኖች ሲመጡ መንደር ሳይዞሩ መጋዘን እንዳይከፍቱ እንደ እብድ እጮህባቸዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ ግን ለአንዳቸውም አልነገርኩም። አንድም ሌሊት ያለ ሐሳብ ተኛሁ ብል እዋሻለሁ። ሥራ እያለ ሌላ ካምፕ፣ ሌላ በርሜል አለና ትሮጫለሽ። ጡረታ ሲመጣ መሮጫው ያልቃል።

እንግዲህ በሦስተኛው ሳምንት ሄድኩ። ሳሙኤል ጓሮው ውስጥ እሸት ቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ ዘርግቶ የተበላሸውን ፍሬ እየለቀመ ነበር። ጸጉሩ ሸብቷል፤ ከእኔ ብዙ እንደሚያንስ አውቃለሁ። ሰላምታ ሰጥቼው ሳልቀመጥ ጀመርኩ፤ ከተቀመጥኩ እንደምተወው አውቅ ነበር። መጋዘኑን ነገርኩት፣ ሳንቃውን ነገርኩት፣ የቀፎውን ሽታ ነገርኩት፣ የኦዲተሩን ውሸት ነገርኩት። እጁ ፍሬ መልቀሙን አላቆመም።

«ሳንቃው ነው?» አለኝ በመጨረሻ።

«ሳንቃው ነው።»

«እኔ አይደለሁም?»

«አንተ አይደለህም። ሰው ተናግሮ ንብ አይገድልም።»

እጁ አሁን ቆመ። «መቼ ነው ያወቅሽው?»

ይሄንን እንዳይጠይቀኝ ነበር መንገዱን ሁሉ የጸለይኩት። «ቀፎውን የከፈትኩ ዕለት» አልኩት።

ተንበርክኬ ይቅርታ ልጠይቅ ስል ክንዴን ይዞ አስቆመኝ፤ በርኅራኄ አልነበረም፤ ጊዜ እንዳላባክን ነው። «ተነሺ» አለኝ። «እኔ ብናገር አያምኑኝም። አንቺ ትነግሪያቸዋለሽ።»

ከሚስቱ ጀመርን። ታደለች ትባላለች፤ አዳምጣኝ ስታበቃ ወደ ጓዳ ገብታ ለረጅም ጊዜ ሳትወጣ ቀረች። ከዚያ ጴጥሮስ ቤት ሄድን። ጴጥሮስ ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ፤ በእኔ ተቆጥቶ መስሎኝ ነበር። ወደ ወንድሙ ዞሮ «ይቅር ብዬህ ነበር» አለው። «በየዓመቱ ማር ስቆርጥ ይቅር እልህ ነበር። ለካ የማያስፈልግህን ነው ስሰጥህ የኖርኩት።» ከብዙነሽ ግን የሚገባኝን አገኘሁ። «ልጆቼ ሆዳቸውን ሲያማቸው አጠገቤ ቁጭ ብለሽ ነበር» አለችኝ፤ ዓይኗን ከዓይኔ ሳትነቅል። አዎ አልኩ።

ከዚያ ከቤት ቤት ሄድን። በሕይወቴ መንደር መዞር የማልወድ ሰው ያን ቀን መንደሩን ሁሉ ዞርኩ። አንዳንዱ ያምነኛል፣ አንዳንዱ ሳሙኤል የከተማ ሰው ገዝቶ ያመጣ ይመስለዋል። በስድስተኛው ቤት እማማ ብርሃኔ የሚባሉ አሮጊት በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እሺ፣ የጴጥሮስን ንብ ሳንቃ ገደለው አልሽ። የኔን ላምስ?» አሉኝ።

«የትኛዋን ላም እማማ?»

«ቀይዋን ነዋ። ‹ወተቷ እንዴት ነው› ብሎኝ በሳምንቱ የወደቀችዋን። እሷንም ሳንቃ ነው የገደላት?»

ሳሙኤልን አየሁት፤ እሱ መሬት መሬት ያያል። የእኔ ሳንቃ ስድስት ቀፎና አንድ ቆጥ ነው፤ በእነዚያ ዓመታት በመንደሩ የሞተው፣ የታመመው፣ የጠፋው ሁሉ አንድ በአንድ እሱ ላይ ሲጫን እንደኖረ የገባኝ ገና ያን ጊዜ ነው። አላውቅም እማማ አልኳቸው። በሙያዬ ዘመን ሁሉ አላውቅም ማለት እንደዚያ ከብዶኝ አያውቅም።

አሮጊቷ ሳሙኤልን ትንሽ አዩት። ከዚያ በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሡና በረንዳው ላይ ታስሮ የነበረውን ጥጃ ፈትተው ወደ ጓሮ ወሰዱት።

«ቀጥሎ ያለው የማርቆስ ቤት ነው» አለ ሳሙኤል፤ ቀድሞኝ መንገድ ጀመረ። እኔም እንደገና ከመጀመሪያው ልናገር ተከተልኩት።